ከምር ትከታተላለህ?

እኛ ሰፈር እንግሊዝ ሰዓቷን የምትቀይርበትን ሰሞን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ለምን እንደምትቀይር የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም። ጥቅምት ሲጋመስ የቅዳሜው ጨዋታ ከ11 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት ይገፋል፤ መጋቢት ሲጋመስ ደግሞ ተመልሶ 11 ሰዓት ይሆናል፤ በቃ። እናቴ ሳትቀር ታውቀው ነበር። 12 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ የሚያልቀው 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ 2 ሰዓት ደግሞ በእሷ ሕግ ልጅ ውጭ የሚገኝበት ሰዓት አይደለም። ስለዚህ በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ቅዳሜ ማታ ቤታችን ጠብ ነበር። ልደታ ማርያም ጀርባ፣ ጭቃ ቤት ውስጥ፣ እናትና ልጅ በእንግሊዝ ሰዓት ሳቢያ ይጣሉ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

ይሄን ያስታወሰኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የምሠራው እቤቴ ሆኜ ነው፤ ውጭ ሀገር ላለ ድርጅት ሶፍትዌር እጽፋለሁ። 2014 መጨረሻ ላይ አዲስ ቡድን ውስጥ ተመደብኩና በመጀመሪያው የቪዲዮ ስብሰባ ላይ አንዱ እንግሊዛዊ፣ የለንደን ልጅ፣ ከኋላዬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአርሰናል ስካርፍ አየ። ፈገግ ብሎ "ከምር ትከታተላለህ?" አለኝ።

ንቀት አልነበረበትም። ሰውየው ጨዋ ነው፤ እስካሁንም ወዳጄ ነው። እሱ ራሱ የሚደግፈው አራተኛው ዲቪዚዮን ውስጥ የሚጫወት፣ እኔ ስሙን እንኳ ሰምቼው የማላውቅ ትንሽ ቡድን ነው። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር በየሁለት ሳምንቱ ስታዲየም ይገባል። ጥያቄው የምር ጥያቄ ነበር። ረግጠኸው በማታውቀው ከተማ፣ ገብተህበት በማታውቀው ሜዳ የሚጫወት ቡድን ያንተ የሚሆነው እንዴት ነው? "አዎ፣ ከምር" አልኩት። የቅዳሜውን አሰላለፍ ከነተቀያሪዎቹ ልዘረግፍለት ስል ስብሰባው ተጀመረ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ዋለ፣ አብሮኝ አደረ። ያንኑ ጥያቄ ከእሱ በፊት የጠየቀኝ ሰው ነበራ። አባቴ።

አባቴ ቡና ነው። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ማለቴ ነው፤ ግን እኛ ቤት "ቡናን ይደግፋል" አይባልም፣ "ቡና ነው" ነው የሚባለው። ከልደታ ስታዲየም በእግር ሩቅ አይደለም። በሜክሲኮ አድርጎ፣ ከጓደኞቹ ጋር እያወራ፣ እሁድ እሁድ ሲሄድ አስታውሳለሁ። ልጅ ሆኜ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞኝ ሄዷል። ትዝ የሚለኝ ኳሱ ሳይሆን ቆሎውና የሰው እግር ነው፤ ከቁመቴ በላይ ምንም አላየሁም። ዲኤስቲቪ ቤት ግን ስክሪኑ ከፍ ተደርጎ ስለተሰቀለ ለልጅ ይመቻል። እንደ መሐንዲስ ስናገር፣ የአባቴን ስታዲየም የተውኩበት ዋናው ምክንያት የመቀመጫው ዲዛይን ሳይሆን አይቀርም።

በ2003 ቡና የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳ። የውበቱ አባተ ቡድን ነው። አባቴ ይሄን ቀን ዕድሜውን ሙሉ ነው የጠበቀው። በዚያ ሰሞን "አብረን እንሂድ፣ ታሪክ ታያለህ" አለኝ። ፈተና አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ፈተና አልነበረብኝም። ማታ ድምፁ ተዘግቶ፣ ቡናማ ማልያው በላብ ርሶ መጣ፤ ሲያወራ አንድ ቃል አይሰማም፤ ግን ማውራቱን አላቆመም። እኔም እየሰማሁ መስዬ ተቀመጥኩ።

በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ 22 ቀን፣ አርሰናል ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ተሸነፈ። እራት ሳልበላ ተኛሁ። አባቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ "ማን ሞተብህ?" አለኝ። ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና "አንተ ልጅ፣ ከምርህ ነው እንዴ?" አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የሰፈራችንን ዲኤስቲቪ ቤት ባለቤት በስሙ የሚጠራው የለም፤ "ቬንገር" ነው የምንለው። አርሰናል ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ የለየለት ማንቼ ነው። ስሙ የወጣለት እንደ ቬንገር ብር ማውጣት ስለማይወድ ነው። ጀነሬተር የሚያስነሳው ጨዋታው ከተቋረጠ ሩብ ሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ተንጫጭቶ፣ ተጨማሪ 50 ሳንቲም ካዋጣ በኋላ ነበር። መግቢያው እኔ ስጀምር 2 ብር ነው። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ የዕለቱ ጨዋታ በጠመኔ ይጻፍበታል፤ በፊደል አጻጻፍ ጉዳይ ቬንገር ከማንም ምክር አይቀበልም። ውስጡ ረጃጅም አግዳሚ ነው። በግራ አርሰናል፣ በቀኝ ማንቼ። ቼልሲዎች አብራሞቪች ክለቡን ሲገዛ አብረው የመጡ ስለሆኑ ከኋላ ይቆማሉ። ሊቨርፑል ሁለት ሰው ነበር፤ ሁለቱም መምህራን ናቸው።

እኔ አርሰናልን አልመረጥኩም። የመጀመሪያዋን 2 ብር የከፈለልኝ የጎረቤታችን ልጅ ግራ አግዳሚ ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ይኸው ነው ታሪኩ። አርሰናል ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሳበት 1996 ላይ ሕፃን ነበርኩ፤ 38 ጨዋታ፣ 26 ድል፣ 12 አቻ፣ ሽንፈት ዜሮ። ይህን ቁጥር ከማባዣ ሰንጠረዥ በፊት ነው በቃሌ የያዝኩት። አንዱንም ጨዋታ ግን አላየሁትም። ትልልቆቹ ሲያወሩት ሰምቼ፣ ያየሁት እስኪመስለኝ ድረስ ወረስኩት። ሠርጉ አልቆ ድንኳን ሲፈታ የደረስኩ እንግዳ ነኝ፤ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስክይዝ ድረስ ሊጉን አላነሱም።

ለምን አርሰናል ሲባሉ ትልልቆቹ "ጥቁሮች ስላሉት" ይሉ ነበር። ካኑ፣ ሎረን፣ ኮሎ ቱሬ፣ ዳካር የተወለደው ቪዬራ። ጥሩ ምክንያት ነው፤ ግን ቀኝ አግዳሚ ላይ ያሉትም የራሳቸው ጥሩ ምክንያት ነበራቸው፤ ምክንያት ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚመጣው። አንድ ጊዜ ግን እውነተኛ ምክንያት አገኘን ብለን ነበር። ጥር 16 ቀን 2006 ጌዲዮን ዘላለም ኮቨንትሪ ላይ ተቀይሮ ገባ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ውስጥ የተወለደ፣ እኩያዬ የሆነ የ16 ዓመት ልጅ! እውነተኛው ቬንገር አርሰናልን ከያዘ በኋላ ተወልዶ ለክለቡ የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው። ጨዋታው እኛ ጋ ሌሊት ስለነበር እኔ አላየሁትም፤ ያዩት እንደሚሉት ያን ሌሊት የእኛው ቬንገር ለግራ አግዳሚ ሻይ በነፃ አጠጣ። አላምንም፤ ግን ተባለ። ጌዲዮን በኋላ ለአሜሪካ ተጫወተ፤ አርሰናልም ቤት ብዙ አልተጫወተም። እኛ ግን አርሰናል መሆናችንን አልተውንም፤ እንዲያውም ማንም አንስቶት አያውቅም። ምክንያቱ ሲሄድ ድጋፉ ካልሄደ፣ መጀመሪያውኑ ምክንያት አልነበረም ማለት ነው።

በ2002 ገደማ ሰፈራችን ለመልሶ ማልማት ፈረሰ። ቦሌ ሳይሠራ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ ነበር፤ ሰፈሩ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ሊሆን ነው ተባለ። ሰው ተበተነ። እኛ ጀሞ ደረሰን፣ የጎረቤታችን ልጅ ሰሚት፣ ሌላው የት እንደደረሰው አላውቅም። ዕቁቡ ወዲያው ፈረሰ። ዕድሩ ጥቂት ተንገዳገደ፤ ከጀሞ ልደታ ድንኳን ተሸክሞ የሚመጣ ስለጠፋ እሱም ቀረ። አሮጊቶቹ የሚገናኙት በልደታ ማርያም ንግሥ ብቻ ሆነ።

ቬንገር ግን አዲሱ ኮንዶሚኒየም ሲያልቅ ምድር ቤቱ ላይ ሱቅ ተከራየ፤ አግዳሚዎቹን በዚያው አቀማመጣቸው ደረደረ። ቅዳሜ ሲሆን ከጀሞ፣ ከሰሚት፣ ሁለት ታክሲ እየቀያየርን እንመጣ ጀመር። ልብ በሉ፣ ጀሞ ዲኤስቲቪ ቤት ሞልቷል። ዋጋው ያው፣ ጨዋታው ያው፣ ስክሪኑ እንዲያውም ይሻላል። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው "ለኳስ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ?" ሲለን ሁላችንም አዎ አልነው።

በአማርኛ መከታተልና መደገፍ ለየቅል ናቸው። መከታተል የሚቻለው ብቻን ነው። ይሄን ያወቅኩት ደመወዝ ማግኘት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤት ተከራየሁ፤ ያደግኩበት ጭቃ ቤት ከነበረበት ቦታ ድንጋይ ብወረውር የሚደርስበት ርቀት ላይ። የራሴን ዲኮደር ገዛሁ፣ ኢንተርኔት አስገባሁ። ቬንገር ቤት ከመኖሪያዬ ሁለት ብሎክ ብቻ ነው፤ ግን ሥራ ይበዛል፣ ደግሞ ጩኸቱ ... ቀስ በቀስ ቀረሁ። ከጀሞ ሁለት ታክሲ ይዤ እመጣ የነበርኩት ሰውዬ ሁለት ብሎክ መራመድ አቃተኝ።

እንደ ኳስ ተከታታይ ካየነው ግን በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ተከታትዬ አላውቅም። ፋንታሲ እጫወታለሁ፤ የተጫዋቾችን ዋጋ መውጣትና መውረድ የሚነግረኝ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። የማን ግራ ተመላላሽ ስንት ኳስ እንዳሻገረ አውቃለሁ። 2015 ላይ አርሰናል ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ለዋንጫ አንገት ለአንገት በተያያዘበት ዓመት ግን አንድ ማታ ብቻዬን ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሃላንድ ለሲቲ ሲያገባ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ጮህኩ። በፋንታሲ ካፒቴኔ ነበር፤ ነጥቡ እጥፍ ይታሰባል። ጮኬ ስጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ግራ አግዳሚ ላይ እንደዚያ ብጮህ ምን እንደሚደርስብኝ አሰብኩ።

ቤቲንግ ቤቶቹም ያው ናቸው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከፍርድ ቤቱ እስከ ባልቻ ሆስፒታል በየጥጋጥጉ በቅለው ነበር። እዚያ የሚቀመጡት ልጆች ስለ ኳስ የሚያውቁትን ያህል እኔም የእንግሊዙ ባልደረባዬም ተደምረን አናውቅም። ስሙን መጥራት የሚያስቸግር ከተማ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ማን ሜዳው ላይ እንደሚጠነክር ይነግሯችኋል። ከምር ይከታተላሉ፤ ገንዘባቸው ነዋ። ማንንም ግን አይደግፉም። ቲኬቱ ሲቃጠል ቀደው ይጥሉታል፣ ቡድኑንም አብረው።

የካቲት 2015 ላይ መሥሪያ ቤቱ ሁላችንንም ለአንድ ሳምንት ለንደን ጠራን። የቪዛውን ነገር አላነሳውም። ዓድዋን እዚያ አሳለፍኩ፤ ሁዳዴ ስለነበር ምሳ ሰዓት ላይ የምበላውን ሳጣ ባልደረቦቼ አዘኑልኝ። የእኔ ሐሳብ ግን ቅዳሜ ላይ ነው። የካቲት 25፣ አርሰናል ከቦርንማውዝ፣ በኤምሬትስ፣ በእነሱ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት። ይቅርታ፣ እነሱ 3 ሰዓት ነው የሚሉት፤ በእኛ ቆጠራ ልደታ ላይ 12 ሰዓት።

ቲኬት አልተገኘም። ክለቡ የሚሸጠው ለአባላቱ ነው፤ አባላቱም እየተሻሙ ነው የሚገዙት። ከሰው እጅ መግዛት አለ፤ ግን እንግሊዝ ውስጥ የኳስ ቲኬት ያለፈቃድ አትርፎ መሸጥ ወንጀል ነው፤ ዋጋውም የቤት ኪራዬን ያህል ነበር። ባልደረባዬ ከልቡ አዘነና "ከእኔ ጋር ና፣ እኛ ሜዳ ቦታ ሞልቷል፤ አባቴንም አስተዋውቅሃለሁ" አለኝ። አስቡት። የእንግሊዝ ኳስ፣ ስታዲየም ውስጥ፣ መቀመጫ ላይ፣ ከነሻዩ። "አመሰግናለሁ፣ ኤምሬትስ በር ላይ ብቆም ይሻለኛል" አልኩት። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር የሆነ ሰው አስታወሰኝ። "ፈተና አለብኝ" ያልኩት ለዚህ ሰው አልነበረም እንጂ ያው ነው።

ታዲያ ባልገባ እንኳ የሆነ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ በቴሌቪዥን አየዋለሁ ብዬ ነበር። አይታይም! እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ በእነሱ አቆጣጠር ከ2፡45 እስከ 5፡15 ባለው ጊዜ፣ ምንም ጨዋታ በቀጥታ አይተላለፍም። ከ1960ዎቹ (በእነሱ) ጀምሮ የመጣ ደንብ ነው። ሰው ትልልቆቹን ቡድኖች በቴሌቪዥን እያየ እቤቱ ከተቀመጠ የትንንሾቹ ስታዲየም ባዶ ይቀራል ተብሎ ነው የተሠራው። ልደታ ያለ ሰው የሚያየውን ጨዋታ ለንደን ያለ ሰው ማየት አይችልም። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቆይቶ ግን ነገሩ አልሳቅ አለኝ። የባልደረባዬን ትንሽ ቡድን ከፕሪሚየር ሊጉ ቴሌቪዥን የሚጠብቀው ደንብ አለ። የአባቴን ስታዲየም ከዚያው ቴሌቪዥን የጠበቀ ግን አልነበረም። ቡና እሁድ ሲጫወት በዚያው ሰዓት ቬንገር ቤት ሰው እስከ በሩ ሞልቶ ይተርፍ ነበር፤ እኔም አንዱ ነበርኩ።

ጠዋት ቀደም ብዬ ወጥቼ መጀመሪያ የሄድኩት ሀይበሪ ነው። አርሰናል ከ1913 እስከ 2006 በእነሱ አቆጣጠር የተጫወተበት ድሮ ሜዳ። የምሥራቁ በኩል ፊት ለፊቱ በቅርስነት ስለተያዘ አልፈረሰም፤ ነጩ ግድግዳ ከነጽሑፉ አለ። ከኋላው ግን መኖሪያ ቤት ነው፤ ፎቅ በፎቅ። ሄንሪ የሮጠበት ሣር የነዋሪዎች አትክልት ቦታ ሆኗል። በአጥሩ ብረት አሾልቄ ፎቶ አነሣሁና "ግራ አግዳሚ" በሚባለው የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ "ሀይበሪ ኮንዶሚኒየም ሆኗል" ብዬ ለጠፍኩ። ለወራት ምንም ሳልጽፍበት ከርሜ ነበር። አንዱ ወዲያው "ዕጣ ወጣልህ?" አለኝ። ሌላው "ቅድመ ክፍያው ስንት ነው?" የጎረቤታችን ልጅ፣ አሁን ሁለት ልጆች ያሉት አባወራ፣ "እዚያም አፈረሱት?" ብቻ ብሎ ጻፈ።

ሰዓቱ ሲደርስ ሕዝቡ እየዘመረ ገብቶ አለቀ። መንገዱ ላይ የቀረነው ስካርፍ ሻጮች፣ ፖሊሶች ከነፈረሶቻቸውና እኔ ነን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጨዋታው ተጀመረ፤ ጩኸቱ ገና ከፍ ሳይል እፍን አለ። ምን እንደሆነ አልገባኝም። ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ነዘረ፦ "ጉድ ነው! ገባብን!" ፊሊፕ ቢሊንግ፣ ጨዋታው በተጀመረ በ10 ሰከንድ ውስጥ። ስታዲየሙ በር ላይ ቆሜ ጎል የተነገረኝ ከልደታ ነው።

ከእረፍት መልስ 2 ለ 0 ሆነ። 62ኛው ደቂቃ ላይ ግን ቶማስ ፓርቴ አገባ፤ ይሄኛውን ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም፤ ኮንክሪቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ግሩፑ ላይ "ገባ!!!" ብዬ ጻፍኩ። ስድብ ዘነበብኝ። ለካ ልደታ ገና አልደረሰም። ኳሱ ከሜዳው ወደ ሳተላይት፣ ከሳተላይት ወደ ቬንገር ዲሽ እስኪመጣ ሰከንዶች ይወስዳል፤ ጩኸቱ ግን እኔ ጋ ወዲያው ነው የሚደርሰው። የገባብንን እነሱ ይነግሩኛል፣ ያገባነውን እኔ እነግራቸዋለሁ። ቬንገር ራሱ በድምፅ መልእክት "ሰውዬ፣ ገበያ እያበላሸህብኝ ነው፣ ስልክህን ዝጋ" አለኝ። ቤን ኋይት 2 ለ 2 ሲያደርግ አፌን በስካርፌ ያዝኩ።

ከዚያ የጎረቤታችን ልጅ በቪዲዮ ደወለልኝ። "አትናገር፣ ዝም ብለህ እይ" አለና ስልኩን ወደ ስክሪኑ አዞረው። ያን ሰሞን ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን አይሠራም ነበር፤ ከመሄዴ በፊት የሁሉንም ስልክ ያስተካከልኩላቸው እኔ ነኝ፤ ለእሱ የመረጥኩለት ሰርቨር ለንደን ነው። ስለዚህ እሱ ልደታ ተቀምጦ ስልኩ "ለንደን ነኝ" ይላል፤ እኔ ለንደን ቆሜ ልደታን አያለሁ። ምስሉ ይቆራረጣል። ስክሪኑ ነጭ ብርሃን ብቻ ሆነብኝ። "አይታይም፤ ወደ እናንተ አዙረው" አልኩት።

አዞረው። ግራ አግዳሚ ሙሉ ነው። ከጀሞ የመጣው፣ ከሰሚት የመጣው፣ አንዱ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ። ከኋላ የቆሙት ቼልሲዎች ተለዋውጠዋል፣ አንደኛው መምህር ሸብቷል። በባከነው ሰዓት ስድስት ደቂቃ ተጨመረ። ስድስቱም አለቀ። ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ 60 ሺህ ሰው ፈነዳ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ የፖሊሱ ፈረስ ደነገጠ።

ስልኬ ላይ ግን ገና ምንም የለም። ልደታ ላይ ገና ኮርናው እየተመታ ነው። አንዱ እጁን አፉ ላይ አድርጓል፣ አንዱ ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፣ ሕፃኑ አባቱን ቀና ብሎ ያያል። እኔ አውቄያለሁ፣ እነሱ አላወቁም። ያችን አስር፣ አስራ ምናምን ሰከንድ አንድም ቃል ሳልተነፍስ እያንዳንዳቸውን በየተራ አየኋቸው። ሪስ ኔልሰን በግራ እግሩ ሲመታው፣ መረቡ ሲወጠር፣ እኔ አላየሁም፤ ያየሁት ስልኩ ከጎረቤቴ ልጅ እጅ ሲበር ነው። ጣሪያው፣ ወለሉ፣ የሰው ጫማ፣ ጨለማ። ከጨለማው ውስጥ ጩኸቱ ይሰማል። ሳልቅስ ያየኝ ስካርፍ ሻጭ ግማሽ ዋጋ ቀነሰልኝ።

ያን ዓመት 248 ቀን አንደኛ ሆነን ቆይተን ዋንጫውን ሲቲ ወሰደው። የታወቀ ነው።

ከተመለስኩ በኋላ በሆነ ሳምንት፣ በሥራ ቀን፣ ቬንገር ቤት ገባሁ። አባቴ ተቀምጦ አገኘሁት። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ከ2013 ጀምሮ የእኛ ፕሪሚየር ሊግ በሱፐር ስፖርት ይተላለፍ ነበር፤ ቡድኖቹም በየሜዳቸው መጫወት ትተው ሁሉም አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ እየተዛወሩ ነበር የሚጫወቱት። አዲስ አበባ ስታዲየም ደግሞ ለእድሳት ተዘጋ። ስለዚህ በእግሩ ሜክሲኮን አቋርጦ ቡናን ሲያይ የኖረ ሰው፣ ያን ጊዜ ከጀሞ ታክሲ ይዞ መጥቶ ክፍለ ሀገር ያለውን ቡናን ልደታ ላይ በስክሪን ያይ ነበር። ሰው የለም፤ ከእሱ ጋር አምስት ብንሆን ነው። ቬንገር ድምፁን እንኳ አልከፈተላቸውም።

"ገባህ ወይ?" አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

"አልገባሁም። በር ላይ ነበርኩ።"

"በር ላይ ሆነህ ምን አየህ?"

"በስልክ ነው ያየሁት። ከዚህ፣ ከዚህ ቤት እየላኩልኝ።"

ዞር ብሎ አየኝ። ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅኩ። "የእኛው አግዳሚ ይታያል በስልክ?" አለ።

"ይታያል።"

ራሱን ነቀነቀ። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀጭን አማካይ ሁለት ሰው አልፎ ኳሷን አሻገረ። አባቴ "እይልኝ ይሄን ልጅ!" ብሎ ጉልበቴን መታኝ። ማን እንደሆነ ጠየቅኩት።

"አታውቀውም?"

"አላውቀውም።"

ጠጋ አለልኝ። ቬንገር የሁለታችንን ሒሳብ ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ አባቴ ቆይ ብሎ በእጁ መለሰውና የልጁን ስም፣ የተወለደበትን ከተማ፣ ከየትኛው ቡድን እንዴት እንደመጣ፣ ባለፈው ዓመት ጉልበቱን ተጎድቶ ስንት ወር እንደተኛ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግረኝ ጀመር።